በሩን የከፈተው ማን ነበር? የአሜሪካን የሕዝብ ቆጠራ ለዘር ፍለጋ ማንበብ

በ1900 የአሜሪካ ቆጠራ ገጽ ላይ ከእያንዳንዷ ባለትዳር ሴት ስም ትይዩ ሦስት ትንንሽ ቁጥሮች አሉ፦ በትዳር ስንት ዓመት ኖረች፣ ስንት ልጅ ወለደች፣ ከነዚያ ውስጥ ስንቱ በሕይወት አሉ። እንበል 22፣ 7 እና 4 ተጽፏል። ከስሟ በታች የተዘረዘሩት ልጆች ግን ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ የ15 ዓመት፣ አንዷ የ11። ከዚህች አንድ መስመር ብዙ ይወጣል። ጋብቻው የተፈጸመው በ1878 ግድም ነው። ሦስት ልጆች ሞተዋል። ሁለቱ በሕይወት አሉ፣ ግን ከቤት ወጥተዋል፤ ታላላቆቹ ከሆኑ ዕድሜያቸው በ16 እና በ21 መካከል መሆን አለበት። ሴት ከሆኑ አግብተው ስማቸው ተቀይሮ ይሆናል፤ ወንድ ከሆኑ ሌላ ሰው ቤት በሠራተኝነት ወይም በደባልነት ተመዝግበው ይገኙ ይሆናል። እንግዲህ 1880ን ስትከፍቱ የምትፈልጉት ከአንድ ወይም ከሁለት ጨቅላ በላይ የሌላቸው ወጣት ባልና ሚስት ነው። በተቃራኒው የትዳሩ ዓመት 6 ሆኖ የበኩር ልጁ 11 ዓመት ከሞላው፣ ሴትየዋ ሁለተኛ ሚስት ናት ወይም ልጁን ይዛ ነው የመጣችው።

ይህ ሁሉ የሚያስኬደው ቁጥሮቹ ትክክል ከሆኑ ነው። ቆጣሪው በር ያንኳኳል፤ የከፈተለት ሰው ይናገራል፤ እሱ ይጽፋል። የተናገረው አባወራው ሊሆን ይችላል፣ የ14 ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል፣ ቤቱ ተዘግቶ ካገኘውም ጎረቤት ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ማን እንደተናገረ አይነግራችሁም። ይህ የተስተካከለው በ1940 ነው፤ በዚያ ዓመት መረጃውን ከሰጠው ሰው ስም ጎን በክብ ውስጥ የኤክስ ምልክት ተደረገ። ከዚያ በፊት ያሉትን ገጾች ሁሉ ስታነቡ ግን ጥያቄው አብሯችሁ ይኑር። ዓመታቱም ወራቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፌዴራሉ ቆጠራ ከ1790 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል፤ የግለሰቦች ስም ያለበት ገጽ ለሕዝብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ነው። የ1950ው ሚያዝያ 1 ቀን 2022 ተከፈተ፤ የ1960ው ተራው በ2032 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከዛሬ ተነስቶ 1950 ላይ መድረስ ነው፤ ለዚያም የሞት የምስክር ወረቀት፣ በጋዜጣ የወጣ የሞት ማስታወቂያ፣ የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የመቃብር ድንጋይና የሽማግሌዎች ቃል ያስፈልጋሉ። የቆጠራውን ገጾች ፋሚሊሰርች በተባለው የዘር ፍለጋ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍቶ በነጻ ማየት ይቻላል። የ1950ውን የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትም በራሱ ድረ ገጽ አስቀምጦታል። አንሴስትሪ የተባለው ሌላ ድረ ገጽ በክፍያ ነው፤ ብዙ የአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ግን ግቢያቸው ውስጥ በነጻ ያስጠቅማሉ።

አቅጣጫው ሁልጊዜ ወደኋላ ነው። ጀማሪ ከሚሠራቸው ስሕተቶች የከፋው ተመሳሳይ ስም ያለው ዝነኛ ሰው 1790 ላይ አግኝቶ ከሱ ወደ ራሱ ለመውረድ መሞከር ነው። አንድ ትውልድ ሳይጸና ወደሚቀጥለው አትለፉ። ለአመዘጋገብ የቆየው የቁጥር ዘዴ እስካሁን ተወዳዳሪ የለውም፦ ፍለጋው የሚጀምርበት ሰው 1 ይባላል፤ የማንኛውም ሰው አባት የሱ ቁጥር ሲባዛ በ2 ነው፣ እናቱ ደግሞ በዚያ ላይ 1 ሲደመር። የ6 ቁጥር አባት 12፣ እናቱ 13 ናቸው። ከ1 በስተቀር ሙሉ ቁጥር ሁልጊዜ ወንድ፣ ጎዶሎ ሁልጊዜ ሴት ነው። ፋይሎቻችሁን በዚህ ቁጥር ብትሰይሙ አራት ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሰዎች ሲመጡ አይምታቱባችሁም።

ገጹን ስታገኙ መጀመሪያ ከላይ ያለውን ቀን እዩ። እዚያ የተጻፈው ቆጣሪው የመጣበት ቀን ነው፤ መልሱ ግን የሚሰላው በሕግ በተቆረጠው የቆጠራ ቀን ነው። ከ1830 እስከ 1900 ቀኑ ሰኔ 1 ነበር። በ1910 ሚያዝያ 15፣ በ1920 ጥር 1፣ ከ1930 ወዲህ ሚያዝያ 1 ሆነ። ቆጣሪው ነሐሴ ላይ ቢመጣም ሐምሌ ላይ የተወለደ ሕፃን መጻፍ አልነበረበትም፤ ሐምሌ ላይ የሞተ ሽማግሌ ግን መጻፍ ነበረበት። የቀኑ መዘዋወር ዕድሜን እንዴት እንደሚያዛባ ደግሞ ይህን ተመልከቱ። የካቲት 1885 የተወለደ ሰው ሚያዝያ 1910 ላይ 25 ዓመቱ ነው። ጥር 1 ቀን 1920 ልደቱ ገና ስለሆነ 34 ይላል። ሚያዝያ 1930 ላይ 45 ይሆናል። በአሥር ዓመት 9፣ በሚቀጥለው አሥር ዓመት 11 ጨመረ፤ ማንም አልዋሸም። ይህን ያላወቀ ሰው ግን «ይህ ሌላ ሰው ነው» ብሎ ትክክለኛውን ገጽ ይዘጋል።

እውነተኛ ስሕተትም ሞልቷል። ዕድሜውን በትክክል የማያውቅ ሰው 30፣ 35፣ 40 ይላል። በአሥር ዓመት ውስጥ ሰባት ዓመት ብቻ ያረጁ ሴቶች ብርቅ አይደሉም። ስለዚህ ፍለጋ ላይ ከልደት ዓመቱ ግራና ቀኝ 5 ዓመት ክፍት ተዉ። ለማጽናት የሁሉንም ቆጠራዎች ዕድሜ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስፍሩ፤ ሰውዬው ልጅ ሳለ የተሰጠው ዕድሜ በእርጅናው ከተሰጠው ይልቅ ለእውነት ይቀርባል፤ የአራት ዓመት ልጅን ስድስት ነው ብሎ መሳት ለእናት ይከብዳታልና።

አሁን ወደ ዓምዶቹ። ከ1790 እስከ 1840 በስም የተጻፈው የቤቱ ኃላፊ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው በጾታና በዕድሜ ክልል ተቆጥሮ በቁጥር ገብቷል። እነዚህ ገጾች አንድን ሰው ከዝርዝር ለማስወጣት ይረዳሉ እንጂ ዝምድና አያረጋግጡም። በ1850 ነጻ የሆነ ሰው ሁሉ በየስሙ ተጻፈ፤ ዕድሜ፣ ሥራና የትውልድ ቦታም ተጨመረ። ወጥመዱ እዚህ ነው፦ በ1850፣ በ1860 እና በ1870 የዝምድና ዓምድ የለም። ከአባወራው ቀጥላ የተጻፈች የ34 ዓመት ሴት ሚስቱ ትመስላለች፤ እህቱ ልትሆን ትችላለች። ከታች ያሉት ልጆች የሟች ወንድሙ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። በነዚህ ሦስት ቆጠራዎች ላይ ተመሥርታችሁ «ልጅ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ጎኑ ላይ ግምት መሆኑን አስፍሩ።

ዝምድና የተጠየቀው በ1880 ነው፤ የአባትና የእናት የትውልድ ቦታም በዚያው ዓመት ገባ። ያም ሆኖ ዝምድናው የሚለካው ከቤቱ ኃላፊ ብቻ ነው። «ልጅ» የሚለው የአባወራው ልጅ ማለት ነው፤ አሁን ያለችው ሚስት እናቱ ስለመሆኗ አንድም ቃል አይናገርም። ለዚህ የትውልድ ቦታው ዓምድ ይደርስላችኋል። ሚስትየው በአየርላንድ ተወልዳ፣ ሦስቱ ትልልቅ ልጆች «የእናት ትውልድ ቦታ፦ ኦሃዮ» ከተባሉ፣ ትንሿ ደግሞ «አየርላንድ» ከተባለች፣ በመካከል አንዲት እናት ሞታለች ማለት ነው። ሌላም አለ፦ በእንግሊዝኛ አማት የሚለው ቃል በዚያ ዘመን የእንጀራ እናትንም ሊያመለክት ይችላል። «ጁኒየር» እና «ሲኒየር» ደግሞ የግድ አባትና ልጅ አይደሉም፤ በአንድ ከተማ የሚኖሩ፣ አንድ ስም የያዙ ታናሽና ታላቅ ሰዎችን ለመለየት ብቻ ይጻፍ ነበር።

1900 የልደት ወርና ዓመት ለይቶ የጻፈ ብቸኛው ቆጠራ ስለሆነ ከሁሉም አስቀድማችሁ ፈልጉት። 1910 ለባለትዳር «ኤም 1» ወይም «ኤም 2» ይላል፤ 2 ካለ ቀድሞ ሌላ ጋብቻ ነበር። የርስ በርስ ጦርነቱን አርበኞችም በዚያው ገጽ ላይ ታገኛላችሁ። 1930 በመጀመሪያ ጋብቻ ላይ የነበረን ዕድሜ ይጠይቃል፤ ሬዲዮ እንዳላቸውም ይጠይቃል፣ እሱ ለጨዋታ ያህል ነው። 1940 በ1935 የት ይኖሩ እንደነበር ስለሚጽፍ፣ በኢኮኖሚ ቀውሱ ወቅት ከአገር አገር የተንከራተተን ቤተሰብ መከተያ ነው።

ስም ላይ አማርኛ ተናጋሪ ቶሎ የሚሳሳትበት ነገር አለ። እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም በአባቷ ስም ትጠራለች፤ ሰነዱ ራሱ አባቷን ይነግራችኋል። እዚያ ግን የቤተሰቡ ስም አብሮ ይወርዳል፤ ሴቲቱ ስታገባ የባሏን ትይዛለች። ቆጠራው ላይ የተወለደችበት ቤተሰብ ስም የለም። በጎን በኩል ነው የሚገባው፦ አማት ወይም የሚስት ወንድም በዚያው ቤት ከተቆጠረ፣ የሱ ስም የሷ የቀድሞ ስም ሊሆን ይችላል። ከቆጠራው ውጭ የጋብቻ መዝገብ፣ የልጆቿ የሞት የምስክር ወረቀትና ከ1936 ጀምሮ የተሞላው የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) ማመልከቻ የእናትን የቀድሞ ስም ይጠይቃሉ።

አጻጻፉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ቆጣሪው የሰማውን ድምፅ ነው የጻፈው። ለዚህ የተፈጠረው ሳውንዴክስ ስምን በመጀመሪያ ፊደሉና በሦስት አሃዝ ይወክላል፦ ቢ፣ ኤፍ፣ ፒ፣ ቪ 1 ናቸው፤ ሲ፣ ጂ፣ ጄ፣ ኬ፣ ኪው፣ ኤስ፣ ኤክስ፣ ዜድ 2፤ ዲ እና ቲ 3፤ ኤል 4፤ ኤም እና ኤን 5፤ አር 6። አናባቢዎች፣ ኤች፣ ደብልዩ እና ዋይ አይቆጠሩም፤ ተከታትለው የመጡ አንድ ዓይነት አሃዞች አንዴ ብቻ ይጻፋሉ፤ የጎደለው በዜሮ ይሞላል። ስሚዝ እና ሽሚት ሁለቱም ኤስ-530 ይሆናሉ፤ ጥሩ ነው። ድክመቱ የመጀመሪያው ፊደል ነው። ኮኸን በሲ ቢጻፍ ሲ-500፣ በኬ ቢጻፍ ኬ-500 ይሆናል፤ ሁለቱ አይገናኙም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ድምፅ በሚያወጡ ፊደላት ሁሉ ለየብቻ ፈልጉ።

ከዚያ ላይ ደግሞ ገጹን አንብቦ ማውጫ ያዘጋጀው ሰው ስሕተት ይደረባል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጽሕፈት ድርብ ኤስ ሲመጣ የመጀመሪያው ረጅም ሆኖ ይጻፋል፤ ለዛሬ ዓይን ኤፍ ወይም ፒ ይመስላል። ትልቁ ኤል ከኤስ፣ ትልቁ ቲ ከኤፍ፣ ጄ ከአይ ይምታታሉ። መድኃኒቱ እዚያው ገጽ ላይ ነው፦ አጠራጣሪውን ፊደል ያንኑ ቆጣሪ በጻፈው ሌላ የታወቀ ቃል፣ ለምሳሌ በስቴት ስም ወይም «ገበሬ» በሚለው ውስጥ ፈልጋችሁ አስተያዩ። ለ1850፣ ለ1860 እና ለ1870 ቆጠራ ደግሞ ሦስት ቅጂ ይዘጋጅ ነበር፤ ዛሬ በኢንተርኔት የምታዩት ብዙ ጊዜ ለፌዴራሉ መንግሥት የተገለበጠው ነው። ሲገለበጥ መስመር ይዘለላል፣ የአንዱ ዕድሜ ለሌላው ይሄዳል።

ፍለጋው ባዶ ሲመለስ «አልተቆጠሩም» ለማለት አትቸኩሉ። የቤተሰቡን ስም ጨርሶ አውጡትና ከልጆቹ መካከል ብዙም ያልተለመደ ስም ያለውን በዕድሜው፣ በትውልድ ቦታውና በካውንቲው (ከስቴት ሥር ባለው አስተዳደር) ፈልጉ። በኮከብ ምልክት የስሙን መካከል ክፍት ተዉት። ቤተሰቡ በገጹ መጨረሻ ተጀምሮ በሚቀጥለው ገጽ ራስ ላይ የሚያልቅ ከሆነ፣ የቀሩት ልጆች በማውጫው ላይ አባት የሌላቸው ይመስላሉ፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ገጽ ወደፊት፣ አንድ ገጽ ወደኋላ እዩ። ከ1880 ጀምሮ አገሩ በቆጠራ ቀጠናዎች ተከፋፍሏል። የከተማ አድራሻ ማውጫ መጽሐፍ መንገዱን ከነገራችሁ የቀጠናውን ቁጥር አግኝታችሁ ገጾቹን አንድ በአንድ ማገላበጥ ትችላላችሁ፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል። በግራ ጠርዝ ያሉት ሁለት ቁጥሮች የቤት ቁጥር አይደሉም፤ ቆጣሪው ቤቱንና ቤተሰቡን በስንተኛ ተራ እንደጎበኘ ነው የሚያሳዩት። የመንገዱ ስም ከላይ ወደታች በጠርዙ ላይ ይጻፋል።

ጎረቤቶችን መዝግቡ። ከላይ አሥር ቤት፣ ከታች አሥር ቤት ማለት ልክ ነው። ሰው ብቻውን አይሰደድም፤ ከቨርጂኒያ ወጥቶ ሚዙሪ የሰፈረ ቤተሰብ አጠገብ የሚስቱ ወንድሞች፣ አማቾቹና የቀድሞ ጎረቤቶቹ ሰፍረው ይገኛሉ። ስሙ የተለመደ ሰው ሲሆን እሱን ከመፈለግ ይልቅ ስሙ ያልተለመደውን ጎረቤቱን መከተል ያዋጣል። የትውልድ ቦታ ሲለዋወጥም አትደንግጡ፦ ዌስት ቨርጂኒያ ከቨርጂኒያ የተለየችው በ1863 ነው፤ በ1850 እዚያ የተወለደ ሰው ሁለቱንም ቢናገር ሁለቱም እውነት ነው። የፖላንድ ተወላጅም በአንዱ ቆጠራ ሩሲያ፣ በሌላው ፖላንድ ሊባል ይችላል።

1890 የሁሉም ራስ ምታት ነው። ጥር 10 ቀን 1921 ዋሽንግተን በሚገኘው የንግድ መሥሪያ ቤት ሕንፃ በተነሳ እሳትና ለማጥፊያ በፈሰሰው ውኃ አብዛኛው ተበላሸ፤ ቅሪቱም በ1930ዎቹ ተወገደ። የተረፈው ከ6,000 ጥቂት የሚበልጥ ስም ነው። በ1880 ሕፃን የነበረች ልጅ በ1900 ባለትዳር ሆና ብቅ ስትል፣ በመካከል ያለው 20 ዓመት ጨለማ ነው። የስቴቶች የራሳቸው ቆጠራ ካለ ያግዛል፦ ኒው ዮርክ በ1892፣ ካንሳስና ሚኒሶታ በ1885 እና በ1895 ቆጥረዋል። የአይዋ የ1925 ቆጠራ የወላጆችን ስም፣ የእናትን የቀድሞ ስም ጭምር ስለሚይዝ፣ አይዋ የረገጠ ዘመድ ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ።

ለስደተኛ ቤተሰብ የዜግነት ዓምዱ ሦስት አሕጽሮት አለው፦ «ኤኤል» የውጭ ዜጋ፣ «ፒኤ» የመጀመሪያ ወረቀት ያወጣ (ዜጋ ለመሆን ማሰቡን ያስመዘገበ)፣ «ኤንኤ» ዜግነት ያገኘ። ከመስከረም 1906 በፊት ዜግነት በየትኛውም ሥልጣን ባለው ፍርድ ቤት ይሰጥ ስለነበር ወረቀቱን በየካውንቲው ነው የምትፈልጉት፤ ዝርዝሩም ድሃ ነው። ከዚያ በኋላ ቅጹ አንድ ሆነ፤ መርከብ፣ ቀን፣ የልጆች ስም ሁሉ ገባ። እስከ 1922 ሚስት የባሏን ዜግነት ትከተል ስለነበር ለሷ የተለየ ወረቀት አትጠብቁ። በ1910 ወይም በ1920 ገጽ ላይ አሜሪካ ተወልዳ «ኤኤል» የተባለች ሴት ብታዩም የቆጣሪ ስሕተት ላይሆን ይችላል፤ ከ1907 በኋላ የውጭ ዜጋ ያገባች አሜሪካዊት ዜግነቷን ታጣ ነበር። «ስማችን ኤሊስ ደሴት ላይ ተቀየረ» የሚለውን የቤተሰብ ወሬ ግን ተዉት። በዚያ የስደተኞች መቀበያ ደሴት የነበሩት መርማሪዎች የሚሠሩት ከመርከቡ በመጣ የስም ዝርዝር ነበር፤ ስሙን ኋላ የቀየረው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ነው።

በኢንተርኔት ያለ የሰው የዘር ሐረግ ጥቆማ እንጂ ማስረጃ አይደለም። የአንዱ ስሕተት በሃምሳ ሰው ስለተቀዳ ሃምሳ ምስክር አይሆንም። ለራሳችሁ ስትመዘግቡ ዓመቱን፣ ስቴቱን፣ ካውንቲውን፣ የቀጠናውን ቁጥር፣ ገጹንና መስመሩን ጻፉ። ፈልጋችሁ ያጣችሁትንም፣ በየትኛው አጻጻፍ እንደፈለጋችሁ ጭምር ጻፉ፤ አለበለዚያ ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ ትደግማላችሁ።

የአፍሪካ አሜሪካውያን ፍለጋ 1870 ላይ ግድግዳ ይገጥመዋል። በባርነት ተይዘው የነበሩት አብዛኞቹ በፌዴራል ቆጠራ በስማቸው የተጻፉት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። በ1850 እና በ1860 በተለየ ቅጽ በአሳዳሪያቸው ስም ሥር ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ብቻ ተመዝግቧል። ከግድግዳው ለማለፍ በ1870 ገጽ ላይ በአካባቢው መሬትና ሀብት ያላቸውን ነጭ ጎረቤቶች ጻፉ፤ በ1860 ባሪያ አሳዳሪ ከነበሩት ጋር አስተያዩ። ተመሳሳይ ስም ፍንጭ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎች የመጨረሻውን አሳዳሪ ስም አልያዙም። ከባርነት ነጻ ለወጡት የተቋቋመው የፍሪድመንስ ባንክ ከ1865 እስከ 1874 የመዘገባቸው ደንበኞች ቅጽ ላይ የወላጅ፣ የወንድምና የእህት፣ አንዳንዴም የአሳዳሪ ስም አለ። አሳዳሪው ከታወቀ ቀጣዩ ጉዞ ወደ ካውንቲው ፍርድ ቤት የውርስ መዝገብ ነው። ሟቹ የተወው ንብረት እዚያ ሲዘረዘር ከፈረሱና ከማረሻው ጋር ሰዎቹም በስም፣ አንዳንዴ በዕድሜ፣ ከተገመተላቸው ዋጋ ጋር ተጽፈው ይገኛሉ፤ እናትና የምታጠባው ልጇ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር፣ በአንድ ዋጋ ናቸው።